መርዶ በመስኮት

ለእስር ቤት ሠራተኞች ማኅበር ቦርድ በተወዳደርኩበት ዓመት ምንም ነገር አይሰማኝም ነበር። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ ድድ ምን ይሰማዋል? እንደዚያ ነበርኩ። እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ፣ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። እንዲያውም ቀልደኛ ነሽ የሚሉኝ ነበሩ።

ሥራዬ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ አስተዳደር እስር ቤት የጠያቂዎች መስኮት ላይ መቀመጥ ነበር። ሎስ አንጀለስ እንደመጣሁ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት እቆርጥ ነበር። እዚያ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት ካውንቲው ሰው እየቀጠረ ነው፣ የጤና ኢንሹራንስም አለው ብላ ማመልከቻ አመጣችልኝ። የሥራውን ቦታ ሳነብ ሳቄ መጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገባሁ ብዬ ጻፍኩላት። ውሸት አልነበረም።

የእስር ቤት መስኮት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ የማውቀው ግን ከውጭ በኩል ነው። ደርግ ወጣቱን እየለቀመ በሚያስርበት ጊዜ ወንድሜ ታስሮ ነበር። እስረኛ የሚበላው ከቤቱ ስለነበር ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ ሰልፍ አለ፣ ሰልፉ ጫፍ ላይ መስኮት አለ፣ መስኮቱ ውስጥ ወታደር አለ። የዛሬውን ሳህን ይቀበልና የትናንቱን ባዶውን ይመልሳል። ባዶ ሳህን ከተመለሰ ሰውየው አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ወታደሩ ቋጠሮውን ሳይፈታ መልሶ ሰጠኝና፣ «ከዛሬ ጀምሮ አታምጪ» አለኝ።

«ተዛውሮ ነው?» አልኩት።

«ቀጥሎ ያለው!» አለ፣ ከኋላዬ የቆመችውን ሴት እያየ።

አውቶቡስ ፌርማታ ሄጄ ተቀመጥኩ። ራበኝ። ቋጠሮውን ፈትቼ የወንድሜን ምሳ በላሁት። ምስር ወጥ ነበር፣ ቀዝቅዟል። ቤት ገብቼ ለእናቴ «አታምጪ አሉኝ» አልኳት። እናቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች፣ ከዚያ ወዲያው አወረደችው። የቀበሌው ሊቀመንበር አጥር ለአጥር ነበር፤ በዚያ ዘመን ለእንደዚህ ያለ ሰው ማልቀስም ያሳስራል። ድንኳን አልተተከለም፣ ነጠላ አልተዘቀዘቀም፣ ጎረቤት አልመጣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን «ሞተ» የሚል ቃል ለእሱ ተነግሮ አያውቅም። «የቀረ ጊዜ» እንላለን። «እሱ ሳይቀር በፊት» እንላለን። እኔም ይህንኑ አነጋገር ይዤው አሜሪካ ገባሁ።

በካውንቲው እስር ቤት እስረኛ ሲሞት አሠራሩ እንዲህ ነበር። ለቤተሰቡ ስልክ ይደወላል። ስልኩን የሚያነሳ ከጠፋና ዘመድ ሳያውቅ ለጥየቃ ከመጣ፣ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ «እዚህ የለም፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ብላ ብጣሽ ወረቀት ትሰጠዋለች። ሌላ ቃል መጨመር አይፈቀድላትም። ያቺ ሠራተኛ እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ልጁን ሊጠይቅ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ የልጁን ስም ነገረኝ። ወረቀቷን ሰጠሁት። አመሰገነኝ። የሕዝብ ስልኩ የተሰቀለው ከመስኮቴ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ነው። ኪሱን ዳብሶ ሳንቲም ሲያወጣ፣ ሲደውል፣ ሲያዳምጥ አየሁት። ከዚያ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ስልኩን አልሰቀለውም፤ በገመዱ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር።

«ቀጥሎ ያለው!» አልኩ።

ስልኩን መጥቶ የሰቀለውና ሽማግሌውን ደግፎ ያስቀመጠው ሳጅኑ ነው። የጠያቂዎች ክፍል ኃላፊ የነበረ፣ ጡረታው የደረሰ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ ክሬንሾው ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ ሲሄድ ወለሉ የሚሰማው ግዙፍ ሰው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሳንድዊቼን ስበላ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ምን ተሰማሽ?» አለኝ።

«ምንም።»

«እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አለና ስለ ማኅበሩ ነገረኝ።

የማረሚያ ቤት ባለሙያዎች ማኅበር የሚባል ነበረን። ጠባቂውም፣ ነርሷም፣ እንደ እኔ መስኮት ላይ የሚቀመጠውም አባል ነው። የማኅበሩ ቦርድ ስለ አሠራር ሐሳብ ሲያቀርብ አለቆቹ ብዙ ጊዜ ይቀበሉታል። በዚያ ዓመት ዩኒፎርም ለማይለብስ ሠራተኛ የተያዘ አንድ ወንበር ተለቆ ነበር። «ያቺን ብጣሽ ወረቀት ማስቀረት ከፈለግሽ፣ ሰው ተቀምጦ በሰው አፍ እንዲነገረው ከፈለግሽ፣ መንገዱ ይኼ ነው» አለኝ ሳጅኑ። እፈልጋለሁ አልኩት። ፍላጎት ይሁን ግትርነት ያን ጊዜ መለየት አልቻልኩም፤ ሌላ የምፈልገው ነገር ግን አልነበረኝም።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በዚያን ጊዜ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። እኔ የምሄድበትን ቤት ባለቤት ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ፣ የማን ወረቀት እንደተሳካ የሚሰማው እሳቸው ዘንድ ነው። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣም ስልኩ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። እትዬ ያን ጊዜ አፋቸውን ይለጉማሉ። የሐዘንተኛውን የሥራ ሰዓት ያጣራሉ፣ የልብ ጓደኞቹን ይሰበስባሉ፣ ንጋት ላይ ለሥራ ሳይወጣ በሩን ያንኳኳሉ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው፣ ለቆመ ሰው አይነገርም። በማለዳ አንድ አፓርትመንት በር ላይ የሐበሾቹ ታክሲ ተደርድሮ ካየን፣ ከጠዋት ፈረቃችን እንዴት እንደምንቀር ማሰብ እንጀምራለን።

«እትዬ፣ ለኢሌክሽን ቀርቤያለሁ» አልኳቸው አንድ ቅዳሜ።

«የምን ምርጫ? የቤተ ክርስቲያኑ?»

«የእስር ቤት ሠራተኞች ማኅበር። ቦርድ ልገባ ነው። ሶ ሰዉን ምረጡኝ ማለት አለብኝ።»

«አንቺው በአፍሽ?»

«እኔው በአፌ።»

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሰው ተሾሚ ሲልሽ አይሆንም ትያለሽ፣ ሲለምኑሽ እሺ ትያለሽ እንጂ፣ ልሹም ብለሽ ታንኳኪያለሽ?»

አጠገባችን ብቻውን ሲበላ የነበረ አንድ ታክሲ ነጂ ሳቀ። «እትዬ፣ አሜሪካ እኮ ነው። እዚህ ሰው ራሱን እንደ ዕቃ ሴል ካላደረገ ማንም ዞር ብሎ አያየውም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወህኒ ቤት ነው የምትሠሪው?» አለኝ።

«አዎ፣ መስኮት ላይ።»

ሳቁ ጠፋ። «እኔም ታስሬ ነበር፣ አገር ቤት» አለ። «መስኮት ላይ የነበረውን ሰውዬ ዛሬም ባየው አልስተውም።»

«እኔም የእኔውን አልስተውም» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። «ማን ነበረሽ?»

«ወንድሜ።»

«ወጣ?»

«አልወጣም። በዚያው ቀረ።»

አንገቱን ደፍቶ ወደ ምግቡ ተመለሰ። እትዬ ሒሳብ ከሚቀበሉበት ቀና ብለው አዩኝ። ልወጣ ስል፣ «ለምርጫሽ እኔ ሳምቡሳ እጠብስልሻለሁ። በአፍሽ ከምትለምኚያቸው በሆዳቸው ለምኛቸው» አሉኝ።

ሳምቡሳውን የሠራተኞች ካፍቴሪያ ወሰድኩት። ጠባቂዎቹ ውስጡ ያለው ምንድን ነው እያሉ ሳይጠብቁ ጨረሱት። ምረጡኝ የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። «እንግዲህ... እንደምታዩት ነው...» እላለሁ፣ እነሱም «ግሩም ነው!» ይሉኛል፤ ስለ ሳምቡሳው ነው የሚያወሩት። ተፎካካሪዬ የእስረኞች ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ስሙ የተጻፈበት ብዕር ያድላል፣ ትከሻ ይመታል፣ የሁሉንም ልጆች በስም ያውቃል። ቃል የገባው አንድ ነገር ነው፤ የሠራተኛውን ፓርኪንግ ወደ በሩ አስጠጋለሁ አለ። በፀሐይ ያን ሁሉ መንገድ ከመኪናችን መሄድ ሁላችንንም አንገፍግፎን ነበር።

ምርጫው የተደረገው ካልቨር ሲቲ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ በማኅበሩ ዓመታዊ ምሳ ላይ ነው። ከምግቡ መሐል ተነስተን ተራ በተራ እንድንናገር ተደረገ። ተፎካካሪዬ ስለ ፓርኪንግ ቀልዶ አሳቃቸው፣ አጨበጨቡለት። ተራዬ ደረሰ። ቤቴ ስለማመደው የሰነበትኩትን ትቼ፣ እንዴት እንደወጣኝ ሳላውቅ፣ «እዚህ ከእኔ የሚሻሉ ብዙ ሰዎች አሉ» ብዬ ጀመርኩ። አገሬ ቢሆን «ኧረ አንቺው ነሽ!» ብሎ የሚጮህልኝ አይጠፋም ነበር። እዚህ ግን አመኑኝ። ሳጅኑ ፊቱን በናፕኪን ሸፈነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ደህና ሄደ። «በእኔ አገር መርዶ በመስኮት አይነገርም» አልኳቸው። «ነጋሪው ሰው ይዞ ይመጣል። ሰሚው ይቀመጣል። እኛ የምንሰጠው የስልክ ቁጥር ነው። አንድ ወንበር፣ የሚዘጋ በር፣ የሚናገር ሰው፤ የምጠይቀው ይኼን ብቻ ነው።» ሹካ ያስቀመጡ ነበሩ። አንዲት ነርስ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ግን ድምፄን የሌላ ሰው ሬዲዮ አድርጌ ነበር የምሰማው። አጨበጨቡልኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ድምፅ ተሰጠ። ፓርኪንግ በሰፊው አሸነፈ። እውነቱን ለመናገር ፓርኪንጉ በኋላ ለእኔም ተመችቶኛል።

ተሸንፌ ስወጣ የእስር ቤቱ ምክትል አለቃ በሩ ላይ አስቆመኝ። «ደንቡን ላስቀይርልሽ አልችልም» አለኝ። «ግን በአንቺ ፈረቃ ላይ ከሆነ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተጠቀሚባት። ወረቀቱን መስጠትሽን ተዪው፣ ንገሪያቸው። አነጋገሩን ታውቂበታለሽ መሰለኝ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ክፍሏ የተሰበረ ወንበር መጣያ ነበረች። ሳጅኑ ወንበሮቹን አወጣ፣ እኔ ወለሉን ጠረግኩ። ሁለት ደህና ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የውኃ ጆግና ብርጭቆ አስገባን። ከዚያ ጠበቅን። ሞት እንዲመጣ መጠበቅ ደስ የማይል ነገር ነው፤ እኔ ግን ያም እንኳ አይሰማኝም ነበር። በራችንን እየዘጋን እየከፈትን ወራት ሄዱ።

አንድ ጠዋት ሳጅኑ መስኮቴ ሥር ጎንበስ ብሎ የአንድ ልጅ ስም ነገረኝ። አስም ነበረበት። ሌሊቱን ታፍኖ ሆስፒታል ተወስዶ፣ እዚያ አረፈ። እናቱ ቤት ሲደወል የሚያነሳ የለም። ሳጅኑ ይህን ነግሮኝ ሳይጨርስ እናቱ ሰልፉ ውስጥ ነበረች። ሳንታ ሞኒካ ሆቴል የምታጸዳ፣ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ በዩኒፎርሟ የመጣች ሴት። ከእናቴ ብዙ አታንስም። ሳጅኑ መስኮቱን ተረከበኝና እኔ ወጥቼ እጇን ይዤ ወደ ክፍሏ አስገባኋት።

ሁሉንም ነገር እትዬ እንደሚያደርጉት አደረግኩ። አስቀመጥኳት። አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ጉልበት ለጉልበት። ውኃ ሰጠኋት። ቁርስ በልታ እንደሆነ፣ ሰው አብሯት መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኳት። እህቴ መኪና ውስጥ ናት አለችኝ። በሩ ላይ ብቅ ብዬ ሳጅኑ እንዲያስመጣት ነገርኩት። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ልጅዎን ማታ ትንሽ አመም አድርጎት ነበር» አልኳት። በእንግሊዝኛ ነው የምናወራው፤ ሐሳቡ ግን የእኛ ነው። «ደክሞት ነበር። ሆስፒታል ወሰዱት።»

ሐበሻ ብትሆን እዚህ ላይ ይበቃታል። የማታውቀው ሰው እጇን ይዞ «አመም አድርጎት ነበር» ካላት፣ የቀረውን ራሷ ጨርሳው መሬት ላይ ናት። መርዶ ነጋሪ የሞትን ስም መጥራት የለበትም፣ ሰሚው ይወስድለታል።

ይህቺ ሴት ፊቷ በራ።

«ተመስገን!» አለች። «ተመስገን ጌታዬ! እዚያ ክፍል ውስጥ አየር የለም፣ ልጄ ይታመማል፣ ሆስፒታል ውሰዱልኝ እያልኩ ስንት ጊዜ ለምኛለሁ። በመጨረሻ ሰሙኝ።» ተነሳች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «የትኛው ሆስፒታል ነው? የሚለብሰው ነገር ላምጣለት ይፈቅዱልኛል? አንቺ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።» እጄን ሳመችው።

ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ዓመት ሳልደነግጥ ኖሬ፣ ያን ጊዜ ደነገጥኩ። እትዬ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር ብዬ ፈለግኩ፣ ምንም አላገኘሁም። እሳቸው እዚህ ደርሰው አያውቁም። ሴትየዋ ወደ በሩ ሄደች። ከኋላዋ ሄጄ ክንዷን ያዝኩ። «ይቀመጡ» አልኳት። «ለምን?» አለች፤ መሄድ ቸኩላለች። የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ነበር። በእንግሊዝኛም አውቀዋለሁ፣ በአማርኛም አውቀዋለሁ፤ የራሴ ለሆነ ሰው ግን በየትኛውም ቋንቋ ብዬው አላውቅም።

«ሞቷል» አልኳት። «ልጅዎ ሞቷል።»

«ሆስፒታል ነው ያለው አልሽኝ እኮ» አለች።

«ሆስፒታል ወስደውት ነበር። ሞቷል። አይመለስም።»

እንደዚያ እየደጋገምኩ፣ በግልጽ፣ ፊቷን እያየሁ ነገርኳት። ጮኸች። እህቷ እየሮጠች ገባች። ሦስታችንም ወለሉ ላይ ነበርን፤ እንዴት እንደወረድን አላውቅም። ከእነሱ እኩል የሚያለቅስ ሌላ ድምፅ ነበር፣ የእኔ መሆኑን ቆይቼ ነው ያወቅሁት። እናትየዋ በለቅሶዋ መሐል ቀና ብላ አየችኝ።

«ታውቂው ነበር?» አለችኝ።

«አላውቀውም» አልኳት።

ሳጅኑ ከሰዓት በኋላ ሥራ እንዳልገባ ነግሮ ወደ ቤት ላከኝ። ቤቴ አልሄድኩም። መታወቂያዬ ደረቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ድራይቭ አድርጌ ፌርፋክስ ሄድኩ። የምሳ ሰዓት አልፎ ቤቱ ባዶ ነበር፤ እትዬ ጠረጴዛ ይወለውላሉ። መሐል ወለሉ ላይ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ወንድሜ ሞቷል» አልኳቸው።

ጨርቁን አስቀመጡ። ያ ለስንት ዓመት የቀረው ነው ወይ ብለው አልጠየቁኝም።

«መቼ ሰማሽ?» አሉኝ።

«ዛሬ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እኔው ነኝ» አልኩ።

እትዬ ሄደው የምግብ ቤቱን በር ቆለፉ። ሽርጣቸውን ፈቱ፣ ነጠላቸውን ከጓዳ አምጥተው ዘቅዝቀው ለበሱ። እጄን ይዘው አስቀመጡኝና አጠገቤ ተቀመጡ፣ ጉልበት ለጉልበት።

«መርዶ የሚቆጠረው ከሰሙት ቀን ነው» አሉኝ። «በይ አልቅሺ። ስሙ ማን ነበር?»

ነገርኳቸው። አይተውት የማያውቁትን ወንድሜን በስሙ እየጠሩ አለቀሱልኝ።